ያረጀ ገጽታ ያላቸው የወረቀት ቅርጾች የቤት ውስጥ አሠራር፦ የጀበና ቅጂን እንደ ማሳያ

አኅጽሮተ ጥናት

ፓፒዬ ማሼ በመባል የሚታወቀው የወረቀትና የሙጫ ቅርጽ አሠራር በአነስተኛ ወጪ በቤት ውስጥ ሊከናወን ስለሚችል ለትምህርት መርጃ፣ ለቴአትር ቁሳቁስና ለጌጣጌጥ ያገለግላል። ይህ ጽሑፍ ቅርጾቹ ያረጀ ገጽታ እንዲኖራቸው የሚደረግበትን መንገድ ይመረምራል። የጽሑፉ መከራከሪያ ሦስት ነጥቦች አሉት። አንደኛ፣ አሳማኝ የእርጅና ገጽታ የሚገኘው ዕቃው በሕይወቱ ያለፈባቸውን ደረጃዎች በቅደም ተከተል በመከተል ነው። ሁለተኛ፣ ወረቀትን ፈጥነው ያረጀ የሚያስመስሉ አንዳንድ የተለመዱ ማቅለሚያዎች ወረቀቱን በእርግጥም ስለሚያስረጁ፣ መልኩን የሚሰጠው ነገር ገላውን ከሚጎዳው ነገር መለየት አለበት። ሦስተኛ፣ አሠራሩ በተሳካ መጠን ቅጂው እንደ እውነተኛ ቅርስ የመቆጠር ዕድሉ ስለሚጨምር፣ ማንነቱን የሚገልጽ ጽሑፍ የአሠራሩ አካል ሊሆን ይገባል። ለማሳያነት የሸክላ ጀበና የወረቀት ቅጂ ቀርቧል።

ቁልፍ ቃላት፦ ፓፒዬ ማሼ፣ የወረቀት ሊጥ፣ እርጅና፣ ቅጂ፣ ጀበና፣ የቅርስ አያያዝ

1. መግቢያ

“ፓፒዬ ማሼ” የሚለው የፈረንሳይኛ ሐረግ ቃል በቃል ሲፈታ “የታኘከ ወረቀት” ማለት ነው። አሠራሩ በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ወረቀትን በስሱ ቀድዶና በሙጫ ነክሮ በአንድ ቅርጽ ላይ መደራረብ ሲሆን፣ ሁለተኛው ወረቀቱን ዘፍዝፎና አላቁጦ እንደ ሊጥ ካቦኩ በኋላ በእጅ ወይም በማውጫ ቅርጽ ማስያዝ ነው። በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያው “ንብብር”፣ ሁለተኛው “የወረቀት ሊጥ” ተብለው ይጠራሉ።

ያረጀ ገጽታ ያላቸው ቅርጾች የሚፈለጉባቸው አጋጣሚዎች ጥቂት አይደሉም። አንድ ትምህርት ቤት ስለ አካባቢው ታሪክ የሚያስተምርበት ማዕዘን ሲያዘጋጅ የቆዩ የቤት ዕቃዎችን ይሻል፤ ነገር ግን ከአያት የወረደ ዕቃ ያለው ቤተሰብ ንብረቱን ለተማሪዎች እጅ አሳልፎ መስጠት ይከብደዋል። የቴአትር ቡድንም መድረክ ላይ ሊወድቅ የሚችል ዕቃ ከሸክላ ማሠራት ያሠጋዋል። በሁለቱም ሁኔታ ቀላል፣ የማይሰበርና የቆየ የሚመስል ቅጂ ችግሩን ያቃልላል።

በተለመደው አሠራር ግን እርጅና የመጨረሻ ማሳመሪያ ተደርጎ ይታያል፤ ቅርጹ ካለቀ በኋላ ሻይ ወይም ቡና ይቀባል፣ እዚህም እዚያም ይፋቃል። ውጤቱ ያረጀ ዕቃ ሳይሆን የቆሸሸ አዲስ ዕቃ ሲሆን ይታያል። ይህ ጽሑፍ ለምን እንዲህ እንደሚሆን በማስረዳት በቤት ውስጥ ሊሞከር የሚችል አማራጭ ያቀርባል።

2. የጥበቡ ታሪካዊ ዳራ

የወረቀት ቅርጽ ሥራ ዛሬ ብዙ ጊዜ የሕፃናት የእጅ ሥራ ተደርጎ ቢታይም፣ በልዩ ልዩ አገሮች ከፍተኛ ሙያ ሆኖ ኖሯል። በካሽሚር የሚሠራው “ካር-ኢ-ቀለምዳኒ” ማለትም “የብዕር መያዣ ሥራ” በሚል ስም ይታወቅ ነበር። ትውፊቱ የጥበቡን መግባት እ.ኤ.አ. ከ1420 እስከ 1470 ከገዛው ከሱልጣን ዘይን አል-ዓቢዲን ዘመን ጋር ያያይዘዋል። በዚያ ሥራው ለሁለት ባለሙያዎች የተከፈለ ነው፤ አንዱ ገላውን ይሠራል፣ ሌላው ገጹን ይሥላል። ይህ ክፍፍል ለዚህ ጽሑፍ ጠቃሚ ነው፤ ገላና ገጽ የተለያየ ዕውቀትና የተለያየ ቁሳቁስ እንደሚጠይቁ ያሳያልና።

በእንግሊዝ የበርሚንግሃሙ ሄንሪ ክሌይ እ.ኤ.አ. በ1772 ዓ.ም. የወረቀት ንጣፎችን በሙጫ ደራርቦና በሙቀት አጠንክሮ ጠንካራ ሰሌዳ የሚሠራበትን ዘዴ በፈጠራ መብት አስመዘገበ። ሰሌዳው እንደ እንጨት የሚጋዝ በመሆኑ ለሠረገላ አካልና ለትሪ ያገለግል ነበር።

ከትምህርት ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ግን የፈረንሳዊው ሐኪም የሉዊ ኦዙ (1797–1880 እ.ኤ.አ.) ሥራ ነው። በእርሱ ዘመን ለሥነ አካል ትምህርት የሚሆን አስከሬን ማግኘት አስቸጋሪ ነበር፤ የሰም ቅርጾች ደግሞ ውድና በቀላሉ የሚጎዱ ነበሩ። ኦዙ በወረቀት ሊጥ ላይ ሙጫና የቡሽ ዱቄትን የመሳሰሉ ነገሮች ቀላቅሎ፣ እየተፈታቱ የሚገጣጠሙ የሰውነት ክፍሎችን ሠራ። ክፍሎቹ ቁጥርና ስም የተለጠፈባቸው ስለነበሩ ተማሪው እውነተኛውን አካል በትክክል የሚያስታውስ፣ ሆኖም ቅጂ መሆኑን በግልጽ የሚናገር መርጃ አገኘ። ታማኝ መልክና ግልጽ ማንነት አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

3. እርጅና እንዴት ይነበባል?

ኦስትሪያዊው የጥበብ ታሪክ ምሁር አሎይስ ሪግል እ.ኤ.አ. በ1903 ባሳተመው ሥራ ስለ “የዕድሜ ዋጋ” አንሥቷል። በእርሱ እይታ የዕድሜ ዋጋ ከታሪካዊ ዋጋ የሚለየው ልዩ ትምህርት ሳይጠይቅ በማንኛውም ተመልካች ዘንድ ወዲያው የሚታወቅ በመሆኑ ነው። ያለ ጊዜው ያረጀ አዲስ ነገርም ተመልካችን እንደሚያውክ ሪግል አስተውሏል። ሻይ የተቀባ ቅርጽ የማያሳምነው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም እርጅናው ምንጭ እንደሌለው ይሰማዋል።

በአንድ ዕቃ ላይ የሚታየው እርጅና በአራት ሊመደብ ይችላል። የመጀመሪያው መሸርሸር ነው፤ እጅ፣ ጨርቅ ወይም ሌላ ዕቃ ደጋግሞ የሚነካቸው ወጣ ያሉ ክፍሎች ይለሰልሳሉ። ሁለተኛው መከማቸት ነው፤ አቧራ፣ ጥላሸትና ቅባት እጅ በማይደርስባቸው ስርጉድ ቦታዎች ይሰበሰባሉ። ሦስተኛው የቀለም መለወጥ፣ አራተኛው ደግሞ መሰንጠቅና መሸረፍ ነው። እያንዳንዱ የራሱ መንስኤ ስላለው የራሱ ቦታ አለው። መሸርሸርና መከማቸት አንድ ቦታ ላይ እኩል ከታዩ ዕቃው ታሪክ የለውም ማለት ነው።

ለዚህ ጀበና ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ለረጅም ጊዜ ያገለገለ ጀበና ሥሩና የሆዱ የታችኛው ክፍል በእሳት ጠቁሯል። እጀታው ከእጅ ብዛት ለስልሶ ያብረቀርቃል። ከመቅጃው አፍ ሥር ቡና የፈሰሰበት ጥቁር ቡናማ መስመር ወርዷል። የአንገቱ ጫፍ ውታፉ በገባና በወጣ ቁጥር ስለሚታሽ ተሸርፏል። እጀታው ከሆዱ ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ግን እጅም ጨርቅም ስለማይደርስበት ደለል ይዟል። ከማቶት ላይ የሚያርፍበት ክብ ደግሞ ጥላሸቱ ታሽቶ ሳሳ ብሎ ይታያል። እነዚህ ምልክቶች ሁሉ ከአንድ ተግባር የመነጩ ስለሆኑ እርስ በርሳቸው ይመሰካከራሉ።

በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ የሚፈጸም ስሕተት አለ። ገጹን እንደ ደረቀ ኩሬ የሚሰነጣጥቀው ዘዴ በእንጨት ላይ ለተሣለ ሥዕል ወይም ለተቀባ ጭምብል ተስማሚ ነው፤ በዚያ የሚሰነጠቀው የቀለም ንብርብር ነውና። ያልተቀባ ሸክላ ግን እንዲህ አይሰነጠቅም፤ ይሸረፋል ወይም በአንድ መስመር ይተረተራል። ስለዚህ ዘዴው ከመመረጡ በፊት የሚቀዳው ዕቃ ከምን እንደተሠራ መጠየቅ ይገባል።

4. ወረቀት ራሱ ሲያረጅ

የወረቀት ዋና ክፍል ሴሉሎስ የተባለው የተክል ጭረት ነው። አሲድ ባለበት ሁኔታ የሴሉሎስ ረጃጅም ሰንሰለቶች እርጥበት እየታከለበት ይቆራረጣሉ፤ ወረቀቱም ይሰባበራል። በጋዜጣ ወረቀት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሊግኒን ደግሞ በብርሃንና በአየር ምክንያት ስለሚለወጥ ወረቀቱን ቢጫ ያደርገዋል። ጋዜጣ መስኮት አጠገብ ጥቂት ቀናት ሲቆይ የሚታየው ለውጥ ይህ ነው።

ከዚህ አንጻር ሲታይ ለቤት ውስጥ ሥራ የሚመከሩት ቁሳቁሶች ከዓላማቸው ጋር ይጋጫሉ። ጋዜጣ ርካሽና በቀላሉ የሚቀደድ ቢሆንም ዕድሜው አጭር ነው። ሻይና ቡና ደስ የሚል ቡናማ ቀለም ቢሰጡም አሲድነት አላቸው፤ ቀለማቸውም በብርሃን ይለወጣል። የሻይ ታኒን ከብረት ዝገት ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው ጥቁር ቀለም ደግሞ ከጊዜ በኋላ ወረቀትን በመብላት የሚታወቀው የብረት ቀለም የቅርብ ዘመድ ነው። ያረጀ እንዲመስል የተሠራው ቅርጽ በዚህ መንገድ በእርግጥ ያረጃል፤ እርጅናው ግን ሠሪው ባሰበው ቦታና መጠን አይቆምም።

በአንጻሩ ጸንተው የሚቆዩ ማቅለሚያዎች ከቤት ሩቅ አይደሉም። ጥላሸት በዋናነት ካርቦን ስለሆነ በብርሃን አይደበዝዝም። የቀይ አፈር ቀለም የሚመነጨው ከብረት ኦክሳይድ ነው፤ ይህም ሰው ከጥንት ጀምሮ በዋሻ ግድግዳ ላይ የተጠቀመበት ጽኑ ቀለም ነው። የጀበናን መልክ የሚሰጡት ሁለቱ ነገሮች፣ አፈርና ጥላሸት፣ ለቅጂውም ተስማሚ መሆናቸው ሥራውን ያቀልላል።

ይህ ማለት ቡና ፈጽሞ አይነካ ማለት አይደለም። ለአንድ ወር የመድረክ ሥራ የሚፈለግ ዕቃ ጋዜጣና ቡና ይበቃዋል። ለዓመታት በትምህርት መርጃነት የሚቀመጥ ቅጂ ግን በተቻለ መጠን የሊግኒን መጠኑ ዝቅተኛ ከሆነ የቢሮ ወረቀት ሊሠራ ይገባል። የዛሬ የቢሮ ወረቀት በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ስላለበት አሲድን በመጠኑ ይከላከላል። ስለዚህ የቁሳቁስ ምርጫ ከሚጠበቀው ዕድሜ ይነሣል።

5. አሠራር

5.1 ሙጫ

1 ኩባያ የፉርኖ ዱቄት በ1 ኩባያ ቀዝቃዛ ውኃ እብጠት እስኪጠፋ ድረስ ይበጠበጣል። 4 ኩባያ ውኃ ከፈላ በኋላ ብጥብጡ ቀስ እየተባለ ይጨመርና 3 ደቂቃ ያህል እየተማሰለ እንዲጠነክር ይደረጋል። የዱቄት ሙጫ ርካሽና በውኃ የሚለቅ ስለሆነ ስሕተትን ለማረም ያመቻል፤ ነፍሳትንና ሻጋታን መሳቡ ግን ጉድለቱ ነው። የእንጨት ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ነጭ ኮላ በውኃ ቀጥኖ ሲሠራበት ነፍሳትን አይስብም፤ ከደረቀ በኋላ ግን በቀላሉ አይፈታም። ለውስጠኛው ንብብር የዱቄት ሙጫ፣ ለመጨረሻዎቹ ሁለት ንብብሮች ኮላ መጠቀም መካከለኛ መንገድ ነው።

5.2 ገላ

ለሆዱ የተነፋ ፊኛ፣ ለአንገቱ ጥቅል ካርቶን፣ ለመቅጃው በሾጣጣ መልክ የተጠቀለለ ወፍራም ወረቀት ይዘጋጃል። ወረቀቱ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ቁራጮች በእጅ ይቀደዳል። በመቀስ አለመቆረጡ ምክንያት አለው፤ የተቀደደ ጠርዝ ጭረቶቹ የተበተኑ ስለሆነ ከሥሩ ካለው ጋር ተዋሕዶ ምልክት አይተውም።

አንዱ ንብብር በቁመት ከተለጠፈ ቀጣዩ በአግድም ይለጠፋል። ጽሑፍ ያለበትንና የሌለበትን ወረቀት ማፈራረቅ የትኛው ንብብር እንዳለቀ ለማወቅ ይረዳል። ከ6 እስከ 8 ንብብር በቂ ሲሆን፣ በየ2 ወይም 3 ንብብሩ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። በበጋ 1 ቀን የሚፈጀው ማድረቅ በክረምት ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ በሆነ ገላ ላይ መቀጠል ሻጋታን በውስጥ መቅበር ነው።

ሆዱ ሲደርቅ ፊኛው ተበስቶ በሥሩ በኩል ይወጣል፤ ቀዳዳው ለጊዜው ሳይደፈን ይቆያል። እጀታው ከወረቀት ሊጥ ይሠራል። ለዚህም ቁርጥራጭ ወረቀት ተዘፍዝፎ ያድራል፣ 30 ደቂቃ ያህል ይቀቀላል፣ ይወቀጣል፣ ውኃው በጨርቅ ከተጨመቀ በኋላ በሙጫ ይታሻል። ሊጡ ሲደርቅ ስለሚሸማቀቅ ከሚፈለገው መጠን ጥቂት ወፈር ተደርጎ በሽቦ አጥንት ላይ ይለበጣል።

5.3 ማለስለሻ

ደቅቆ የተነፋ ጠመኔ በቀጠነ ኮላ ተለውሶ ከ3 እስከ 4 ጊዜ በስሱ ይቀባል፤ ለግድግዳ የሚሸጥ ስቱኮም ያገለግላል። እያንዳንዱ ንብርብር ከደረቀ በኋላ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይታሻል። የሸክላ ገጽ መስተዋት አይመስልምና ማለስለሱ ከልክ ማለፍ የለበትም። በእጅ የተሠራ ጀበና ላይ የሚታየውን የጣት ፈለግ ለማስቀረት የመጨረሻው ንብርብር ሳይደርቅ በእርጥብ ጣት ዙሪያውን መዳሰስ ይበቃል።

5.4 ገጽ፦ ልደት፣ ሥራ፣ ዕረፍት

እርጅናን የማስያዙ ሥራ ዕቃው በእውነት ባለፈባቸው ሦስት ዘመናት ቅደም ተከተል ይከናወናል።

የመጀመሪያው ልደት ነው። ደቅቆ የተነፋ ቀይ አፈር በቀጠነ ኮላ ተለውሶ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ይቀባል። በዚህ ደረጃ ቅርጹ ገና ከገበያ የመጣ አዲስ ሸክላ መምሰል አለበት። ብዙዎች ይህን ደረጃ በመዝለል በቀጥታ ወደ ጥቁር ይሄዳሉ፤ በኋላ ሲፋቅ ከሥሩ የሚገኘው ሸክላ መሆኑ ቀርቶ ነጭ ወረቀት ይሆናል።

ሁለተኛው ሥራ ነው። ጥላሸት በቀጠነ ኮላ ተለውሶ በስፖንጅ ከሥሩ ወደ ላይ እየሳሳ ይመታል። ከመቅጃው አፍ በታች ቀጭን ቡናማ መስመር በራሱ ክብደት እንዲወርድ ይደረጋል፤ በብሩሽ የተሣለ ፍሳሽ በቀላሉ ይታወቃል። ሁሉም ሲደርቅ እጀታው፣ የአንገቱ ጫፍ፣ የሆዱ ወጣ ያለ ክፍልና የማቶቱ ክብ ብቻ ቀይ አፈሩ ብቅ እስኪል በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይታሻሉ። እጀታው ጥቂት ሰም ተቀብቶ በጨርቅ ይወለወላል፤ ሌላው ክፍል ደብዛዛ ይቆያል።

ሦስተኛው ዕረፍት ነው፤ ዕቃው ከሥራ ወጥቶ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠበት ጊዜ። በጣም የቀጠነ ግራጫ ቡናማ ቀለም በሙሉ ተቀብቶ ሳይደርቅ በጨርቅ ይጠረጋል፤ በስርጉዶቹ የቀረው ደለል ሆኖ ይታያል። አቧራ ከላይ ወደ ታች ስለሚያርፍ በትከሻው ላይ ከሆዱ ሥር ይልቅ መብዛት አለበት። በመጨረሻ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ሰም ካልነካው ክፍል ላይ በስሱ ይቀባል።

ቅደም ተከተሉ መጠበቁ ጥቅም አለው። ቅጂው በአጋጣሚ ቢጫር እንኳ ከጥቁሩ ሥር የሚወጣው ቀይ ነው፤ ጉዳቱም ራሱ ከታሪኩ ጋር ይስማማል። ይሁን እንጂ የወረቀት ጀበና ለመታየትና ለመዳሰስ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ውኃ አይሞላበትም፤ እሳት አጠገብም አይቀመጥም።

6. ቅጂና ማታለል

አሠራሩ ሲሳካ አዲስ ጥያቄ ይነሣል። ጣሊያናዊው የጥገና ንድፈ ሐሳብ ምሁር ቼሳሬ ብራንዲ እ.ኤ.አ. በ1963 በታተመው ሥራው አንድ ዕቃ ቅጂ ወይም ሐሰተኛ የሚባለው በአካሉ ሳይሆን ከሠሪው ወይም ከአቅራቢው ሐሳብ አንጻር መሆኑን አስረድቷል። ለማስተማር የተሠራው ጀበናና ለማታለል የተሠራው ጀበና በወረቀታቸውም በቀለማቸውም አንድ ሊሆኑ ይችላሉ። ችግሩ የሠሪው ሐሳብ ከዕቃው ጋር አብሮ የማይጓዝ መሆኑ ነው። መምህሩ ይዛወራል፣ የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ ይለወጣል፣ ቅጂው ግን መደርደሪያው ላይ ይቀራል። ከ20 ዓመት በኋላ ያገኘው ሰው በቅን ልቦና እንደ እውነተኛ ሊመዘግበው ይችላል።

የወረቀት ጀበና በክብደቱና ሲነካ በሚሰጠው ድምፅ ስለሚታወቅ አደጋው አነስተኛ ይመስላል። በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ያለን ዕቃ ወይም ፎቶግራፉን የሚያይ ተመራማሪ ግን አያነሣውም፤ አያንኳኳውምም። በተመሳሳይ ዘዴ የሚሠሩ የመስቀል፣ የጋሻ ወይም የብራና ቅጂዎችን በተመለከተ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። በኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ማንነቱ ያልተገለጸ ቅጂ ቅርስን ከቅጂ የመለየቱን ሥራ ያወሳስባል፤ የሐሰተኛ ዕቃ ገበያንም ሊያገለግል ይችላል።

ስለዚህ ምልክት ማድረግ የአሠራሩ አንድ ደረጃ ሊሆን ይገባል። ፊኛው በወጣበት ቀዳዳ በኩል “ቅጂ” የሚል ቃል፣ የተሠራበት ዓመት፣ ቁሳቁሱና ዓላማው በእርሳስ የተጻፈበት ወረቀት ከውስጥ ከተለጠፈ በኋላ ሥሩ ይደፈናል። የእርሳስ ጽሑፍ የካርቦን ውጤት ስለሆነ አይደበዝዝም። “ቅጂ” የሚለው ቃልና ዓመቱ ከሥሩ በውጭም ይጻፋሉ። የውጩ ለዕለት ተመልካች፣ የውስጡ ደግሞ ውጩ ቢፋቅ ለነገ ተመራማሪ ያገለግላል። ሞዴሉ ሆኖ ያገለገለው እውነተኛ ጀበና የማን ቤት እንደሆነና ምን ያህል ጊዜ እንዳገለገለ ባለቤቱ ከፈቀደ ቢመዘገብ ደግሞ ቅጂው ራሱ ለታሪክ ሰነድነት ይጠጋል።

7. ማጠቃለያ

ያረጀ ገጽታ በአንድ ማቅለሚያ የሚገኝ ውጤት አይደለም። ዕቃው እንዴት እንደተወለደ፣ ምን እንደሠራና የት እንዳረፈ ማወቅን ይጠይቃል፤ በዚህም ምክንያት የወረቀት ቅርጽ ሥራ የምልከታ ትምህርት ይሆናል። አንድ ተማሪ የአያቱን ጀበና ለመቅዳት ሲነሣ አስቀድሞ ዙሪያውን ማየት፣ የት እንደጠቆረና የት እንደለሰለሰ መጠየቅ፣ የተጠቀመበትንም ሰው ማናገር ይኖርበታል። ከዚህ ጋር የገላውን ቁሳቁስ ከሚጠበቀው ዕድሜ ጋር ማመጣጠንና ማንነቱን በላዩ መጻፍ ሲታከልበት ቅጂው ሁለት አገልግሎት ይሰጣል፤ እውነተኛው ዕቃ በቤቱ ተከብሮ እንዲቆይ ያደርጋል፣ ስለ እርሱም ሳያሳስት ያስተምራል። ይኸው የልደት፣ የሥራና የዕረፍት ቅደም ተከተል ለእንስራ፣ ለመሶብና ለእንጨት ዕቃዎች ቅጂ እንዴት እንደሚስማማ በየዕቃው ባሕርይ መመርመር ለቀጣይ ጥናት የሚተው ተግባር ነው።